በስልክ ውስጥ ስላለው ገንዘብና ስለ ገበሬው በሬ



በእነዚህ ገጾች ላይ አዘውትረን የምናወሳው ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ ከብት በሽታ ነው። ዛሬ ግን ስለ ገንዘብ ለመጻፍ ተነሥቻለሁ። ምክንያቱም ባለፈው ጥር አንድ ጤፍ አምራች ሽማግሌ ወደ ጽሕፈት ቤቴ መጥተው ያቀረቡልኝ ጥያቄ ከዘርና ከማዳበሪያ ጥያቄ የሚያንስ ሆኖ አላገኘሁትም። ሰውየው ያረጀ በሬያቸውን ሸጠው በምትኩ ወይፈን ለመግዛት አስበው ነበር። ይሁን እንጂ የእኅታቸው ልጅ ከከተማ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ ቢትኮይን የሚባል ገንዘብ አለ፤ የበሬውን ዋጋ ቢያስገቡበት በየቀኑ ከመቶ ሁለት ይወልዳል፤ ድኻን ከአራጣ አበዳሪ እጅ የሚያወጣ ገንዘብ ነው፤ ሁለተኛውንም በሬ ይሽጡና ይጨምሩበት» አላቸው። ሽማግሌውም፣ «ልጄ፣ አንተ ተምረሃልና ንገረኝ፤ ይህ ነገር እህል ነው ወይስ ገለባ?» አሉኝ።

እኔ የተማርሁት እርሻ እንጂ ባንክ አይደለም። ስለዚህ ወዲያው መልስ ሳልሰጥ ለሁለት ሳምንት ቀጠርኋቸውና ነገሩን አጠናሁ። ያገኘሁትን እነሆ እጽፍላችኋለሁ። የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ዕቁብ የገባ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው የዕቁብ ነፍሱ መዝገቡ ነው። ማን እንደ ከፈለና ለማን እንደ ደረሰ ጸሐፊው ይጽፋል፤ ዳኛው ይጠብቃል። አሁን ደግሞ ጸሐፊም ዳኛም የሌለው፣ አባሎቹ በዓለም ሁሉ የተበተኑና እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ አንድ ማኅበር አስቡ። የዚህ ማኅበር መዝገብ በአንድ ሰው ሣጥን ውስጥ አይቀመጥም፤ ቅጂው በብዙ ሺህ ኮምፒዩተሮች ላይ ይገኛል። እገሌ ለእገሌ ይህን ያህል አስተላለፈ የሚል አዲስ ገጽ በየ10 ደቂቃው ያህል ይጨመርበታል። ገጹን የሚጽፈው ከባድ የሒሳብ እንቆቅልሽ ከሌሎቹ ቀድሞ የፈታው ኮምፒዩተር ነው፤ ለድካሙም አዲስ ቢትኮይን ይከፈለዋል። አንድ ሰው ቀድሞ የተጻፈውን ልፋቅ ቢል ሌሎቹ ቅጂዎች ያጋልጡታል። ይህን ሥርዓት የነደፈው ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም የጻፈ፣ እስከ ዛሬ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ነው። ሐሳቡን በጥቅምት 2001 ዓ.ም. አወጣ፤ መዝገቡም በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ተከፈተ። የቢትኮይኑ ብዛትም ከ21 ሚሊዮን እንዳያልፍ ከመጀመሪያው ተወስኗል። እንግዲህ ነገሩ በራሱ ጥንቆላም ተረትም አይደለም፤ ብልህ ሰው ያሰበው የመዝገብ አያያዝ ነው።

እንቆቅልሹን መፍታት ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላል። የአገራችን የመብራት ዋጋ ርካሽ በመሆኑ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ዓመታት የውጭ ኩባንያዎች ኮምፒዩተሮቻቸውን አምጥተው ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል በዶላር መብራት ገዝተዋል። ከዚህም የተነሣ «መንግሥትም ገብቶበታል» እያሉ የሚያወሩ አሉ። መብራት መሸጥ ግን ሌላ፣ ገንዘቡን ማጽደቅ ሌላ ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ማስጠንቀቂያ የአገሪቱ መገበያያ ብር መሆኑንና በቢትኮይንም ሆነ በመሰሎቹ ግብይት መፈጸም ሕገ ወጥ መሆኑን አስታውቋል።

ይሁን እንጂ ወጣቱ የሚናገረው ሁሉ ከንቱ ነው አልልም። ገንዘቡን በብር ያስቀመጠ ሰው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ ምን እንደ ደረሰበት ሁላችንም አይተናል፤ 57 ብር ያህል የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ባንኩ ሩቅ ነው፤ ቢደርሱበትም ቤትና መኪና መያዣ አምጡ ይላል። ልጇ ዐረብ አገር ሠርታ የምትልክላት እናትም አለች፤ ከሰሐራ በታች ወዳሉት የአፍሪካ አገሮች ገንዘብ ሲላክ በአማካይ ከመቶ 8 ያህሉ በመንገድ ላይ ለአስተላላፊው ይቀራል። ቢትኮይን ለተገፋው ሰው በር ይከፍታል የሚባለው ይህን ሁሉ ችግር በመመልከት ነው። ችግሩ እውነተኛ ነው። መድኃኒቱን ግን ለብቻው መመርመር ያስፈልጋል።

በመካከለኛው አሜሪካ የምትገኘው ኤል ሳልቫዶር የምትባል ትንሽ አገር ይህን መድኃኒት በሕግ ሞክራዋለች። ብዙ ዜጎቿ በአሜሪካ ሠርተው ለቤተ ሰባቸው ገንዘብ ይልካሉ፤ የባንክ ደብተር የሌለውም ሕዝብ ብዙ ነበር። በጳጉሜን 2013 ዓ.ም. ቢትኮይን ከዶላር ጋር እኩል ሕጋዊ ገንዘብ ሆነ። መንግሥቱም ቺቮ የተባለ የስልክ ቦርሳ አዘጋጅቶ ለተመዘገበ ሁሉ 30 ዶላር ስጦታ ሰጠ። ሕዝቡ ስጦታውን ተቀበለ፤ አብዛኛው ግን ስጦታውን ከጨረሰ በኋላ ቦርሳውን ተወው። ከውጭ የሚላከው ገንዘብም በአብዛኛው በቀድሞው መንገድ መምጣቱን ቀጠለ። በጥር 2017 ዓ.ም. ሕጉ ተሻሻለና ነጋዴው ቢትኮይን የመቀበል ግዴታ ቀረለት።

ሕዝቡ ለምን ተወው? አንዱ ምክንያት የዋጋው መዋዠቅ ነው። በኅዳር 2014 ዓ.ም. አንድ ቢትኮይን ወደ 69,000 ዶላር ተጠግቶ ነበር፤ በዓመቱ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ከ17,000 ዶላር በታች ወረደ። በዚያ ከፍተኛ ዋጋ የ1,000 ዶላር የገዛ ሰው በዓመቱ 250 ዶላር እንኳ አልቀረለትም ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር፣ በኅዳር 2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ100,000 ዶላር በላይ ወጥቷል፤ ሦስት ዓመት የታገሠ ሰው አትርፏል። ነገር ግን ከእናንተ መካከል ሦስት ዓመት የሚታገሥ ገንዘብ ያለው ማን ነው? የማዳበሪያው ዕዳ በግንቦት ይጠየቃል። ዘሩ በሰኔና በሐምሌ ይዘራል። ልጆች በመስከረም ትምህርት ቤት ይገባሉ። ገበሬ ገንዘቡን የሚያወጣበትን ወር የሚወስነው ዝናቡ ነው፤ የገንዘቡም ዋጋ በዚያ ወር ወድቆ ቢገኝ «ቆይ ይነሣል» ብሎ መሬቱን ጦም ማሳደር አይችልም።

ሁለተኛው ምክንያት ዋስ የሌለው መሆኑ ነው። ዕቁብ የደረሰው ሰው ሳይከፍል ቢጠፋ ዋሱ ይያዛል፤ ነገሩም በሽማግሌ ይታያል። ቢትኮይንን የሚከፍተው ግን አንድ ምሥጢር ነው፤ ብዙ ጊዜም 12 ወይም 24 ቃላት ሆኖ በወረቀት ይጻፋል። ወረቀቱ በእሳት ቢቃጠል፣ አይጥ ቢበላው፣ ወይም ሌላ ሰው ቢያየው የሚጮኹበት ዳኛ የለም። ተሳስቶ ለማይታወቅ ሰው የተላከውንም የሚመልስ የለም። ባንክን ያለ ባንክ መተካት ማለት የባንኩን ጥበቃም መተው ማለት እንደ ሆነ የሚነግራችሁ ሻጭ አላየሁም።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ እውነተኛው ቢትኮይን ነው። ወደ ገጠር የሚመጣው ግን ብዙ ጊዜ እርሱ አይደለም፤ ስሙን የለበሰ ሌባ ነው። ምልክቱ ሁለት ነው፤ አንደኛ፣ የታወቀ ትርፍ በየቀኑ እሰጣለሁ ይላል፤ ሁለተኛ፣ ሌላ ሰው አምጡ ይላል። የሽማግሌውን የእኅት ልጅ ሒሳብ እስቲ እንከተለው። 10,000 ብር በየቀኑ ከመቶ ሁለት ከወለደና ትርፉም አብሮ ከወለደ፣ በ35 ቀን 20,000 ብር ይሆናል፤ በዓመቱ ከ13 ሚሊዮን ብር ያልፋል። እንዲህ ያለ ሀብት የሚያውቅ ሰው ለምን የሰው በሬ ያሸጣል? ቀድሞ ለገባው የሚከፈለው ኋላ ከገባው ተወስዶ ነው፤ አዲስ ገቢ ሲጠፋ ቤቱ ይፈርሳል። ሩጃ ኢግናቶቫ የተባለች ሴት ከሸሪኳ ጋር ያቋቋመችው ዋንኮይን እንደ ቢትኮይን ያለ እውነተኛ መዝገብ እንኳ አልነበረውም፤ ሆኖም ከአውሮፓ አንሥቶ እስከ ኡጋንዳ ድረስ ከሕዝብ 4 ቢሊዮን ዶላር ያህል ሰበሰበ። ሴትዮዋ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. አውሮፕላን ተሳፍራ ተሰወረች። ሸሪኳ ካርል ግሪንዉድ ግን በመስከረም 2016 ዓ.ም. በአሜሪካ ፍርድ ቤት 20 ዓመት እሥራት ተፈረደበት።

ሽማግሌው በቀጠሮው ቀን የእኅታቸውን ልጅ ይዘው መጡ። ልጁን አልተቆጣሁትም። «የራስህን ገንዘብ አስገብተሃል?» ብዬ ጠየቅሁት። 12,000 ብር አስገብቷል፤ በስልኩ ላይ ግን 41,000 ሆኖ ይታያል። «እንግዲያው ከዚህ ላይ 500 ብር ብቻ አሁን አውጣና አሳየን» አልሁት። ቢሞክር፣ ገንዘቡን ለማውጣት አስቀድሞ 6,000 ብር ግብር ክፈል የሚል መልእክት መጣለት። ደግሞ ሞከረ፤ ያው መልእክት መጣ። ላቡ በግንባሩ ወረደ። ሽማግሌው ስልኩን ትክ ብለው ካዩ በኋላ፣ «ለካ በሬው የሚገባበት በር እንጂ የሚወጣበት በር የለውም» አሉ።

ታዲያ ገበሬ ገንዘቡን የት ያስቀምጥ? እኔ የምመክረው እንደ ሥራው እንዲከፋፍለው ነው።

ለረጅም ጊዜ የሚቀመጠው እንስሳና እህል ላይ ቢሆን ይሻላል፤ ብር ሲረክስ የእነርሱ ዋጋ አብሮ ይነሣልና። በሬ ያርሳል፤ ፍጉ ለመሬት፣ ኩበቱ ለማገዶ ይሆናል። በሬውን ሸጦ የጨረሰ ገበሬ ግን መሬቱን ለእኩል ሰጥቶ የራሱን ምርት ግማሽ ለባለ በሬው ያስረክባል። እህልን በተመለከተ፣ በታኅሣሥና በጥር ገበያው ሲሞላ ዋጋው ይወድቃል፤ በክረምት ይወደዳል። ጤፍን ነቀዝ እምብዛም ስለማይደፍረው በደንብ ደርቆ ከእርጥበትና ከአይጥ ከተጠበቀ ያለ ሥጋት ይቆያል። በቆሎና ባቄላ ግን በተራ ጆንያ ከተቀመጡ ይነቅዛሉ፤ ስለዚህ ሁለት የፕላስቲክ ከረጢት በውስጡ ያለውን ባለ ሦስት ድርብ ጆንያ ተጠቀሙ። አየር እንዳይገባ እያንዳንዱን ከረጢት ለየብቻ አጥብቃችሁ እሰሩ፤ ነቀዙ ያለ መድኃኒት ታፍኖ ይሞታል።

በቅርብ ወራት የሚፈለገውን ገንዘብ በብድርና ቁጠባ ማኅበር ወይም በስልክ ማስቀመጥ ይቻላል። በግንቦት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌብር ዘመናዊ ስልክ ለሌለው ሰውም *127# በመደወል ያገለግላል። በውስጡ ያለው ብር ስለ ሆነ ብር ሲረክስ አብሮ ይረክሳል፤ ነገር ግን ቢሮና ወኪል አለው፤ አቤት ሊባልበት ይችላል። የምሥጢር ቁጥራችሁን ለልጃችሁም ቢሆን አትስጡ።

ብድር የሚፈልግ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከብት፣ እህልና የእርሻ መሣሪያ ለብድር መያዣ ሊሆኑ እንዲችሉ መፍቀዱን ይወቅ። ቅርንጫፉ ሁሉ እንደ አዋጁ ይሠራል ማለት አይደለም፤ ሆኖም ቁጥሩን ጠቅሶ የሚጠይቅ ሰው እንዲሁ ከሚለምነው ይልቅ ይደመጣል።

ገንዘቡን አስቀድሞ ለሌባ የላከ ካለ፣ የላከበትን ደረሰኝ፣ የስልክ ቁጥሩንና መልእክቶቹን ሳያጠፋ በዚያው ቀን ለባንኩ ወይም ለቴሌብር ጽሕፈት ቤት፣ ቀጥሎም ለፖሊስ ያመልክት። «የጠፋብህን ገንዘብ አስመልስልሃለሁ፤ የአገልግሎት ክፈል» የሚል ሰው ከመጣ እርሱ ሁለተኛው ሌባ ነው። የሽማግሌው የእኅት ልጅም ይህን አድርጓል፤ ይህ እስከ ተጻፈበት ቀን ገንዘቡ አልተመለሰለትም። ሽማግሌው ወይፈናቸውን ገዝተዋል፤ እስኪገራ ድረስ በቀረው በሬያቸው ከጎረቤታቸው ጋር ተቀናጅተው እያረሱ ናቸው።