የቡሶላ መፍቻ አመራረጥ፤ ለውኃ ፓምፕና ለትራክተር ባለቤቶች

ሽንኩርት ሥሩ ወደ ጥልቅ የማይወርድ ተክል ነው። አብዛኛው ሥሩ ከላይኛው 30 ሣ.ሜ. አፈር ውስጥ ስለሚገኝ፣ ኮረት በሚያበጅበት ወቅት ውኃ ለጥቂት ቀናት ቢቋረጥበት ጉዳቱን በኋላ ውኃ አብዝቶ በማጠጣት መካስ አይቻልም። በመቂና በዝዋይ አካባቢ በፓምፕ ውኃ እየሳበ የሚያለማ ገበሬ ይህን ከእኛ ይበልጥ ያውቀዋል። ፓምፑ የሚቆምበት ምክንያት ግን ብዙ ጊዜ ትልቅ ብልሽት አይደለም። የላላ ብሎን፣ የቆሸሸ ካንዴላ፣ አየር የሚያስገባ የመሳቢያ ቱቦ ማሠሪያ ወይም መለወጥ የሚገባው የናፍታ ማጣሪያ ነው። የግማሽ ሰዓቱ ሥራ ሦስት ቀን የሚፈጀው ትክክለኛው መፍቻ በቤት ውስጥ ስለማይገኝ ነው። በምትኩ ፒንሳ ይቀርባል፤ ወይም መንጋጋው የሚሰፋና የሚጠብ መፍቻ ይቀርባል፤ የብሎኑ ጭንቅላት ይበላል፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ ከከተማ የሚመጣ መካኒክና የብየዳ ሥራ የሚጠይቅ ይሆናል።

ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ መጻፍ የለመድን የሰብል ባለሙያዎች ስለ መፍቻ ማተታችን ሊያስገርም ይችላል። ይሁን እንጂ በአርሲና በባሌ የደረሰ ስንዴ ዝናብ ሳይመታው የሚነሣው ኮምባይነሩ ሲሠራ ነው፤ መስኖውም የሚጠጣው ፓምፑ ሲሠራ ነው። በመሆኑም በግቢው ጥግ ወይም በመጋዘኑ በር ላይ አነስተኛ ጥገና ለሚሠራ ገበሬ፣ እንደዚሁም ለማኅበራት የመሣሪያ ኃላፊዎች፣ አንድ የቡሶላ ሳጥን ሲገዙ ምን መመልከት እንደሚገባቸው ለመግለጽ ይህን አዘጋጅተናል።

ቡሶላ የምንለው በአንድ ጫፉ የብሎን ወይም የዳዶ ጭንቅላት የሚጎርስ፣ በሌላው ጫፉ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ያለው አጭር ወፍራም የብረት ቱቦ ነው። እጀታው የሚገባው በአራት ማዕዘኑ ቀዳዳ ነው። ከተራው መፍቻ የሚበልጥበት ምክንያት ግልጽ ነው። ተራው መፍቻ የብሎኑን ጭንቅላት ከሁለት ወገን ብቻ ሲይዝ ቡሶላ ዙሪያውን ይይዛል፤ ጠባብ ቦታም ይገባል።

ሳጥኑን ከመግዛት በፊት ብሎኖቹን መቁጠር

በመርካቶም ሆነ በክልል ከተሞች በሚገኙ የመሣሪያ ሱቆች ሳጥኖቹ የሚሸጡት በፍሬ ብዛት ነው። 94 ፍሬ፣ 108 ፍሬ፣ ከዚያም በላይ የሚል ይጻፍባቸዋል። ይህ ቁጥር ገዢውን ሊያታልለው አይገባም። ከነዚህ ፍሬዎች ውስጥ ብዙዎቹ ለካቻቢቴ ጫፍነት የሚያገለግሉ ትናንሽ ቁርጥራጮች ናቸው፤ በእርሻ መሣሪያ ላይ ዓመቱን ሙሉ ሳይነኩ የሚቀሩ ናቸው። በእኛ አስተያየት የሚፈለጉትን ልኮች በትክክል የያዘ የ20 ፍሬ ሳጥን፣ የሚፈለገው ከጎደለበት ባለ 100 ፍሬ ሳጥን በብዙ ይሻላል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የሚከናወነው በሱቅ ሳይሆን በቤት ነው። ፓምፑን፣ ትራክተሩን፣ መውቂያውን አንድ ጊዜ ዞሮ መመልከት፣ የብሎኖቹን ጭንቅላት ስፋት ከአንዱ ጠፍጣፋ ጎን እስከ ትይዩው ጠፍጣፋ ጎን ድረስ መለካትና በወረቀት መጻፍ ነው። መለኪያ ካሊፐር ከሌለ ከጎረቤት ወይም ከአካባቢው ጋራዥ መፍቻ ተውሶ የትኛው ቁጥር እንደሚገጥም መሞከር ይቻላል። በቡሶላው ላይ የተቀረጸው ቁጥር ይህን የጭንቅላት ስፋት እንጂ የብሎኑን ውፍረት አለመሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ሁለቱን ማደባለቅ በገዢዎች ዘንድ የተለመደ ነው።

ሚሊ ሜትርና ኢንች

አብዛኛው ጥፋት የሚደርሰው እዚህ ላይ ስለሆነ ጥቂት እንዘረዝራለን።

በአገራችን እርሻ ላይ የሚሠሩት መሣሪያዎች ከብዙ አገር የመጡ ናቸው። እንደ ማሴ ፈርጉሰን 135 ያሉት በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠሩ የእንግሊዝ ትራክተሮች ብሎናቸው በአብዛኛው በኢንች የተለካ ነው። የቤላሩስ ትራክተሮች፣ የጣሊያን ፊያት፣ የጃፓን መኪናዎችና የዛሬዎቹ የቻይና ፓምፖች በሚሊ ሜትር ናቸው። አንድ ማኅበር ሁለቱንም ዓይነት ሊይዝ ይችላል። በአንድ መሣሪያ ላይም ቢሆን በየጊዜው በተደረገ ጥገና ሁለቱ ልኮች ተደባልቀው ይገኛሉ።

ችግሩ ሁለቱ ልኮች መቀራረባቸው ነው። የ1/2 ኢንች ጭንቅላት 12.7 ሚ.ሜ. ነው። 13 ቁጥር ቡሶላ ይገባበታል፤ ግን 0.3 ሚ.ሜ. ያህል ይወላውላል። ብሎኑ ካልጠነከረ ይፈታል፤ ከዛገ ግን ማዕዘኖቹ ይበላሉ። የ9/16 ኢንች ጭንቅላት 14.29 ሚ.ሜ. በመሆኑ 14 ቁጥር አይጎርሰውም፣ 15 ቁጥር ደግሞ ይሰፋበታል። የ11/16 ኢንች ጭንቅላት 17.46 ሚ.ሜ. ነው፤ ለ17 ይወፍራል፣ ለ18 ይቀጥናል። ተስማምተው የሚሠሩ ጥቂቶች ናቸው። 3/4 ኢንች 19.05 ሚ.ሜ. ስለሆነ ከ19 ቁጥር ጋር ይሄዳል፤ 5/16 ኢንችም 7.94 ሚ.ሜ. ስለሆነ 8 ቁጥር ይሠራለታል። ከነዚህ በቀር ማቀራረብ አይገባም። የቆየ የእንግሊዝ ትራክተር ያለው ሰው ቢያንስ 7/16፣ 1/2፣ 9/16፣ 5/8 እና 3/4 ኢንች ሊኖረው ያስፈልጋል። በዚያ ትራክተር ላይ ከሚገኙት ብሎኖች አብዛኞቹ በነዚህ አምስት ይፈታሉ።

የብሎኑን ዓይነት ለመለየት ጭንቅላቱን በጨርቅ ጠርጎ ማየት ይረዳል። 8.8 ወይም 10.9 የሚል ቁጥር የተቀረጸበት በሚሊ ሜትር የተሠራ ነው። ከመሃል ወደ ዳር የወጡ ሦስት ወይም ስድስት ጭረቶች ያሉበት የኢንች ነው። ምንም ምልክት የሌለውን መለካት ብቻ ነው።

በሚሊ ሜትር የተሠሩትም ቢሆኑ ሁሉም አንድ አይደሉም። ውፍረቱ 8 ሚ.ሜ. የሆነ ብሎን በአውሮፓ መሣሪያ ላይ ጭንቅላቱ 13 ሲሆን በጃፓን መኪና ላይ አብዛኛውን ጊዜ 12 ነው። ውፍረቱ 10 ሚ.ሜ. የሆነው በቀድሞው የጀርመን ልክ 17፣ በዓለም አቀፉ ልክ 16፣ በጃፓኖቹ ዘንድ 14 ነው። 12 ሚ.ሜ. የሆነው እንደዚሁ 19፣ 18 ወይም 17 ይሆናል። ስለሆነም የጃፓን ፒክአፕ ያለው ሰው 10፣ 12፣ 14፣ 17 እና 19 ቁጥር ሳይዝ መሄድ የለበትም። የአውሮፓ ትራክተር ያለው ደግሞ ከ10፣ 13፣ 17 እና 19 ጋር 16ንና 18ን መጨመር አለበት። አንዳንድ ርካሽ ሳጥኖች 16ንና 18ን ዘለው ይሸጣሉ። ሳጥኑን ከፍቶ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ከወረቀቱ ጋር ሳያስተያዩ ገንዘብ መክፈል አይገባም።

በቤንዚን ለሚሠሩ አነስተኛ ፓምፖች የካንዴላ ቡሶላ የግድ ነው። ለብዙዎቹ 21 ቁጥር የሚባለው ሲሆን አንዳንዶቹ 16 ይፈልጋሉ። ይህ ቡሶላ ረጅምና ውስጡ ጎማ ያለው መሆን አለበት፤ ጎማው ካንዴላውን ይዞ ያወጣዋል፣ ነጩን ሸክላም ከመሰንጠቅ ይጠብቀዋል።

ስድስት ማዕዘን ወይስ አሥራ ሁለት

የቡሶላው አፍ ውስጡ ስድስት ማዕዘን ወይም አሥራ ሁለት ማዕዘን ይሆናል። አሥራ ሁለቱ በጠባብ ቦታ ቶሎ ስለሚገጥም መካኒኮች ይወዱታል። ለእርሻ ግን ስድስት ማዕዘን እንዲገዛ አጥብቀን እንመክራለን። የእርሻ ብሎን ዓመቱን በጭቃ፣ በአቧራና በማዳበሪያ ውስጥ ይከርማል፤ ጠርዙ የተበላና የዛገ ነው። አሥራ ሁለት ማዕዘኑ የሚይዘው በማዕዘኖቹ አካባቢ ብቻ ስለሆነ እንደዚህ ባለው ብሎን ላይ ይንሸራተታል።

የእጀታው ነገር

የአራት ማዕዘኑ ቀዳዳ ልክ 1/4፣ 3/8፣ 1/2 ወይም 3/4 ኢንች ነው። ብሎኖቹ በሚሊ ሜትር ቢሆኑም ይህ ልክ በየትም አገር የሚጠራው በኢንች ነው። አንድ ብቻ ለመግዛት አቅሙ ያለው ገበሬ የ1/2 ኢንችን ይግዛ። ከ10 እስከ 32 ቁጥር ድረስ ያሉትን ቡሶላዎች በዚህ ማግኘት ይቻላል። ለትራክተር የኋላ ጎማ ዳዶዎች 3/4 ኢንች ይሻላል፤ ዋጋው ግን ከፍ ያለ ስለሆነ በማኅበር በጋራ መግዛቱ ይበጃል።

ራቼት የሚባለው ባለ ጥርስ እጀታ በአንድ አቅጣጫ ይዞ እያዞረ በሌላው በነፃ ይመለሳል። በውስጡ 24 ጥርስ ያለው እያንዳንዱን ጥርስ ለመያዝ 15 ዲግሪ መመለስ ይኖርበታል፤ 36 ጥርስ ያለው 10 ዲግሪ፤ 72 ጥርስ ያለው 5 ዲግሪ ብቻ። እጅ በማያንቀሳቅስ ቦታ ባለ 72ቱ ይመቻል። ሆኖም ጥርሱ ሲበዛ ደቃቅ ስለሚሆን አቧራና አሸዋ ባለበት ሥራ ርካሹ ባለ 72 ቶሎ ይዘላል። ለእርሻ ጥሩ ባለ 36 ይበቃል እንላለን።

ከዚህ የሚበልጠው ቁም ነገር ግን የጠነከረ ብሎን በራቼት አለመፍታት ነው። ለዚህ ሥራ ጥርስ የሌለው ረጅም እጀታ አለ። ብሎኑን በእርሱ አላልቶ ቀሪውን በራቼት መጨረስ ነው። የ40 ሣ.ሜ. እጀታ ጫፍ በ25 ኪ.ግ. ጉልበት ቢሳብ ብሎኑ ላይ የሚያርፈው 10 ኪሎ ግራም ሜትር ነው። እንደተለመደው የውኃ ቱቦ ተሰክቶበት 120 ሣ.ሜ. ቢደረግ ያው ጉልበት 30 ይሆናል፤ የራቼቱም ጥርስ ይረግፋል። እጀታውን ወደ ራስ መሳብ እንጂ መግፋት አይገባም። ድንገት ቢያመልጥ የሚገፋው እጅ በስለታም ብረት ላይ ያርፋል።

በማጥበቅ ጊዜም እንዲሁ ነው። ጭንቅላቱ 10 ቁጥር፣ ውፍረቱ 6 ሚ.ሜ. የሆነ የተለመደ ብሎን የሚችለው 1 ኪሎ ግራም ሜትር ያህል ነው። በ40 ሣ.ሜ. እጀታ ይህ የ2.5 ኪ.ግ. ጉልበት ብቻ ነው፤ በሁለት ጣት እንደ መሳብ ማለት ነው። ለዚህ ትንሽ የ1/4 ኢንች እጀታ የተሻለ ነው። የቴስታታ ብሎኖችን ደግሞ ልክ የሚያሳይ እጀታ በሌለበት በቤት መንካት አይገባም።

በሱቅ ውስጥ

በጥሩ ቡሶላ ላይ ቁጥሩ የተቀረጸ ነው፤ በቀለም የተጻፈው ይጠፋል። ክሮም ቫናዲየም የሚል ጽሑፍ መልካም ምልክት ቢሆንም ማንም ሊጽፈው ስለሚችል በእርሱ ብቻ መተማመን አይበቃም። ዲን 3124 የሚለው የጀርመን ደረጃ ቁጥር ሊገኝም ይችላል። ይበልጥ የሚያስተማምነው ግን በእጅ መሞከር ነው። ከቤት የተፈታ ብሎን ይዞ ሄዶ ማግባት፣ መወላወሉን ማየት፤ ቡሶላውን በእጀታው ላይ ሰክቶ ወደ ታች ሲይዙት እንዳይወድቅ ትንሿ ኳስ መያዟን ማረጋገጥ፤ ራቼቱን ቀስ ብሎ እያዞሩ እያንዳንዱ ጥርስ መያዙን ማድመጥ። የቡሶላው ግድግዳ ዙሪያውን እኩል ውፍረት ከሌለው ወይም የላይኛው ብልጭታ ከወዲሁ የተነሣ ከሆነ መተው ነው። የተላጠ ብልጭታ እንደ ምላጭ እጅ ይቆርጣል። ሁለት ማራዘሚያ፣ አንድ አጭርና አንድ ረጅም፣ በሳጥኑ ውስጥ መኖሩንም መመልከት ነው።

ብልጭ የሚሉት ቡሶላዎች በመዶሻ ለመምታትም ሆነ በአየር ለሚሠራ መፍቻ አይሆኑም፤ ሊሰነጠቁና ስባሪያቸው ዓይን ሊመታ ይችላል። ለዚያ ሥራ የተሠሩት ግድግዳቸው ወፍራም የሆኑት ጥቁሮቹ ናቸው።

አያያዝ

ከሥራ በኋላ በናፍታ ማጠብ፣ በጨርቅ ማድረቅና ቀጭን ዘይት ማስነካት በቂ ነው። ሳጥኑን ከዩሪያ ወይም ከሌላ ማዳበሪያ ጋር በአንድ ክፍል ማኖር ግን አይገባም፤ ማዳበሪያ እርጥበት ይስባል፣ ብረትንም ይበላል። በማኅበር ለሚሠሩ፣ እያንዳንዱ ቡሶላ የራሱ ጎድጓዳ ቦታ ያለውን ሳጥን መምረጥ ይጠቅማል፤ የጎደለው ወዲያው ይታያል። በተለይ በኮምባይነር ወይም በመውቂያ ላይ ሲሠሩ ከቆዩ ሳጥኑ ሳይሞላ ሞተር አይነሣም። የጠፋው ቡሶላ ከበሮው ውስጥ ሊሆን ይችላልና።