ገና አትቀቡት!

ቤተሰባችሁ ቤቱን ሊሸጥ ነው እንበል። ደላላው «ፊቱን ቀለም አስቀቡት፣ ዋጋ ይጨምራል» ብሏል። እሺ፣ ግን መጀመሪያ ግድግዳውን ከመሬት እስከ ጉልበት ድረስ እዩት። ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር አለ?

እሱ ጨው ነው። ብሎኬትና ልስን በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች የተሞሉ ናቸው። ዳቦ ጫፉን ሻይ ውስጥ ስትነክሩት ሻዩ ወደ ላይ እንደሚሳበው ሁሉ፣ የመሬት ውሃም ጨው አሟሙቶ ግድግዳው ላይ ይወጣል። ውሃው ይተናል፣ ጨው ይቀራል። ላዩ ላይ ቀለም ከተቀባ ጨው ከሥሩ እየጠጠረ ቀለሙን ይገፋዋል።

አጎቴ ሰኔ ላይ አስቀባ። መስከረም ላይ ገዢ ሲመጣ ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነስቷል። ሰውየው በጣቱ ነካ አድርጎ «ውሃ ያስገባል እንዴ?» አለና ዋጋው እዚያው ወረደ። ያልተቀባ ቢሆን ይሻለው ነበር ባይ ነኝ።

መፈተኛው ቀላል ነው፦ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሚሆን ጥርት ያለ ፕላስቲክ ግድግዳው ላይ አድርጋችሁ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽጉ። በማግስቱ ከውስጥ በኩል ጠብታ ካያችሁ ግድግዳው እርጥብ ነው። አሸንዳው ያፈስ እንደሆነ፣ አፈር ግድግዳው ላይ ተከምሮ እንደሆነ ፈትሹ። ጨውን በደረቅ ብሩሽ ጥረጉት፤ በውሃ ካጠባችሁት ሟሙቶ ተመልሶ ይገባል።

ልስኑ አዲስ ከሆነ ደግሞ 28 ቀን ገደማ ታገሱት። ትኩስ ሲሚንቶ ፒኤቹ ከ12 በላይ ነው፤ የዘይት ቀለም ሲነካው ዘይቱን ቀስ በቀስ ወደ ሳሙና ይለውጠዋል። አዎ፣ ሳሙና!