አውራው የቱ፣ ቄቧ የቷ? ስለ ጫጩት ጾታ የሚባለውና የሚሆነው

አዲስ አበባ፣ ልደታ ውስጥ ጫጩት የሚገዛው ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ለበዓል አድርሶ ሊያርድ ያሰበ ነው። ግንቦት ልደታ ሰሞን የገዛው ለእንቁጣጣሽ ይደርስለታል፤ አውራ ከወጣለትም ደስታውን አይችለውም። ሁለተኛው እንቁላል የፈለገ ነው። ከጌጃ ሰፈር እስከ ተክለሃይማኖት በቀሩት የቀበሌ ቤቶች ግቢ፣ አልፎ አልፎም በኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ፣ አራት አምስት ጫጩት በካርቶን የሚያሳድገው ይሄኛው ነው። ፉርሽካና የተከካ በቆሎ ለወራት ሲያበላ ከርሞ ግማሾቹ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ መጮኽ ሲጀምሩ ኪሳራው የመኖ ብቻ አይሆንም፤ ጎረቤትም ይቀየማል።

ስለዚህ ጥያቄው ሁሌም ያው ነው፤ መልሱም ያው።

«አንተ ልጅ፣ ይቺ ሴት ናት?»

«ቄብ ናት እናቴ! እግሯን ይዩት እስቲ፣ እንዴት እንደቀጠነ።»

«ወንድ ሆና ብትገኝስ?»

«ይመልሱልኛ! እዚሁ ነኝ፣ የት እሄዳለሁ?»

ልጁ ዋሽቷል ማለት አይደለም። እሱም አያውቅም። የአንድ ሳምንት የሐበሻ ጫጩት አንሥቶ፣ መልኩንና እግሩን አይቶ ብቻ ጾታውን በእርግጠኝነት የሚናገር ሰው የለም። ታዲያ ዘዴ አለኝ የሚለው ሰው ለምን በዛ? ማንኛውም ዘዴ፣ ምንም ያህል የማይረባ ቢሆን፣ ግማሹን ጊዜ ስለሚሠራ ነው። ከሚፈለፈሉት ጫጩቶች በአማካይ ግማሹ ወንድ፣ ግማሹ ሴት ነው። ዘውድ ወይ ጎፈር ብሎ ሳንቲም የሚጥል ሰው እንኳ ከ10 ጫጩት 7ና ከዚያ በላይ የመምታት ዕድሉ 17 በመቶ ገደማ ነው። ስድስት ሰው ቢገምት አንዱ ጠንቋይ ይመስላል ማለት ነው። ያ አንዱ ዘዴውን ለሰፈሩ ያስተምራል፤ አምስቱ ዝም ይላሉ።

«ሾጣጣ እንቁላል ወንድ፣ ድቡልቡል እንቁላል ሴት»

ዕድሜ ጠገቡ እምነት ይህ ነው። ዶሮ ሊያሳቅፉ ሲሉ እንቁላሉን እያገላበጡ፣ ጫፉ የሾለውን ወደ አንድ ወገን፣ ክቡን ወደ ሌላ ወገን የሚለዩ ሰዎች አሉ። እምነቱ የእኛ ብቻ አይደለም። አርስጣጣሊስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት በጻፈው የእንስሳት ታሪክ ላይ ረጅምና ሾጣጣው እንቁላል ሴት፣ ድቡልቡሉ ወንድ ነው ይላል። ሮማዊው ፕሊኒ ደግሞ ከእሱ አራት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ነገሩን ገለበጠው፤ ድቡልቡሉ ሴት ነው አለ። ሁለት የተከበሩ ሊቃውንት አንዱን እንቁላል ይዘው ተቃራኒ ነገር ሲናገሩ ይኸው ሁለት ሺህ ዓመት አለፈ፤ የሁለቱም ተከታዮች ዛሬም «እኔ ሞክሬ አይቼዋለሁ» ይላሉ።

የእንቁላል ቅርጽ የሚወሰነው በእናቲቱ ሆድ ውስጥ፣ እንቁላሉ በሚያልፍበት ቧንቧ ነው። አንዲት ዶሮ ሁልጊዜ ሾጣጣ፣ ሌላዋ ሁልጊዜ ድቡልቡል ልትጥል ትችላለች፤ ሁለቱም ወንድም ሴትም ይፈለፍላሉ። ጾታው የሚለየው ከዚያ አስቀድሞ፣ ገና ቅርፊትም ነጩም ሳይኖር፣ አስኳሉ ከእንቁልጢዋ ሲላቀቅ ነው። እዚህ ላይ ዶሮ ከሰው ትለያለች። በሰው ልጅ የጾታው ወሳኝ አባት ነው። በዶሮ ግን ሁለት ዓይነት የጾታ ክሮሞሶም የያዘችው እናቲቱ ናት፤ አውራው የሚሰጠው ለወንድም ለሴትም አንድ ዓይነት ነው። ጫጩቶቹ ሁሉ ወንድ ሆኑ ተብሎ አውራ የሚለወጥበት ቤት ካለ፣ አውራው በማያገባው ተወቅሷል።

ለዚሁ ነው «ሞቅ ያለ ቦታ ከታቀፈ ወንድ ይበዛል» የሚለውም የማያስኬደው። አዞና ብዙ የኤሊ ዓይነቶች ጾታቸው በእርግጥ በሙቀት ይወሰናል፤ ወሬው ምናልባት ከዚያ የተቀዳ ይሆናል። የዶሮ እንቁላል በ21 ቀን ዕቅፍ ውስጥ ሙቀቱ ቢዛባ ጽንሱ ይሞታል እንጂ ሴቱ ወንድ አይሆንም።

መርፌ በክር አንጠልጥሎ ጫጩት ላይ ማወዛወዝ፣ ማጅራቱን ይዞ እግሩን ሰበሰበ ወይስ ዘረጋ ብሎ ማየት፣ «ደፋሩ ወንድ ነው» ማለት፦ እነዚህን ሳንቲሙ ይተካቸዋል። ሳንቲሙ ቢያንስ ጫጩቱን አያስጨንቀውም።

«ክንፉን ዘርግተህ እየው»

ይሄኛው በስልክ ቪዲዮ የመጣ ነው፤ ደግሞም ውሸት አይደለም፤ ከቦታው ውጪ የዋለ እውነት ነው። ቪዲዮው ላይ አንድ ሰው የአንድ ቀን ጫጩት ክንፍ በጣቱ ይዘረጋል። ላባው አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር ሆኖ ሲበላለጥ ሴት፣ እኩል ሲሆን ወንድ እያለ ሁለት ሳጥን ይሞላል። ሰውየው አያጭበረብርም። የያዘው ጫጩት ግን ለዚሁ ተብሎ ከተዳቀለ ዘር የመጣ ነው፤ እናቲቱ ላባዋ ቀስ ብሎ ከሚያድግ መስመር፣ አባትየው ላባው ቶሎ ከሚያድግ መስመር ተመርጠው ነው የተጋቡት። በዚህ ጋብቻ ብቻ ሴቶቹ እንደ አባታቸው፣ ወንዶቹ እንደ እናታቸው ይሆናሉ። እሱም ቢሆን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ካልታየ ልዩነቱ ይጠፋል። ዶሮ ተራ ተገዝቶ የመጣ፣ አባቱ የማይታወቅ ጫጩት ክንፍ ላይ ምንም አይነበብም።

«ቀለሙ አይናገርም»

እዚህ ጋ ተጠራጣሪዎቹ ናቸው የሚሳሳቱት። በአንዳንድ ዘር ቀለም በደንብ ይናገራል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ከእነዚህ ዘሮች ሁለቱ ይገኛሉ።

የመጀመሪያው ለእንቁላል የሚረባው ቦቫንስ ብራውን ነው። ሴቶቹ ሲፈለፈሉ ቡናማ፣ ወንዶቹ ነጣ ያለ ቢጫ ናቸው። ፈልፋዩ ድርጅት በመጀመሪያው ቀን በዓይን ብቻ ይለያቸዋል፤ ቡናማዎቹ ለእንቁላል አምራች ይሄዳሉ። ስለዚህ ቢጫ፣ ለስላሳ፣ ዋጋው ደግሞ የሚገርም ርካሽ ጫጩት በካርቶን ይዞ የሚዞር ልጅ ሲያጋጥም መጠየቅ ያለበት «ሴት ናት?» ተብሎ አይደለም። ያ ጫጩት ወይ የእንቁላል ዘር ወንድ ነው፣ ወይ የሥጋ ዶሮ ነው። ሁለቱም እንቁላል ፈላጊውን አይጠቅሙትም። የሥጋው ዓይነት ሴት ብትሆንም ለመጣል ሳይሆን ለመወፈር የተፈጠረች ናት፤ የእንቁላል ዘር ወንዱ ደግሞ መኖ ይበላል እንጂ ሥጋ ቶሎ አይሞላም። ለልጆች መጫወቻ ተብሎ ሲገዛ ማየት ያሳዝነኛል፤ አብዛኛው ሳምንት አይዘልቅም።

ቡናማዋን ቄብ ከሐበሻ አውራ አዳቅሎ ጫጩቶቹን በቀለም እለያለሁ የሚልም አለ። አይሆንም። የቀለሙ ምስጢር በወላጆቿ ጋብቻ ላይ ነበር፤ በልጆቿ ላይ አይደገምም።

ሁለተኛው ከደቡብ አፍሪካ የመጣው፣ በደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል በኩል ገበሬው ዘንድ የደረሰው ኮኮክ ነው፤ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ዶሮ። ጫጩቱ ጥቁር ሆኖ ይፈለፈልና ወንዱ አናቱ ላይ ጎላ ያለ ነጭ ነጠብጣብ ይኖረዋል፤ ሴቷ ግን የላትም፣ ወይም ያላት እጅግ ትንሽ ነው። ሲያድጉም ወንዱ ነጣ፣ ሴቷ ጠቆር ትላለች። ይሄኛው ዘሩ እስካልተቀላቀለ ድረስ ከትውልድ ወደ ትውልድ ይሠራል፤ ከቦቫንስ የሚለየውም በዚህ ነው። ከሐበሻ ዶሮዎቻችን ዝንጉርጉሩን፣ ገብስማውን ሁሉ በዚህ ሕግ ለመዳኘት መሞከር ግን ስሕተት ነው፤ መልኩ ቢቀራረብም ዘሩ ለዚህ ተመርጦ የጠራ አይደለም።

ኢትዮ ቺክን የተባለው ድርጅት ያስፋፋው የሳሶ ዘር ደግሞ ቀዩም፣ ጥቁሩም፣ ነጠብጣቡም ይወጣዋል፤ የላባው ቀለም ጾታውን አይነግርም።

«ባለሙያ ከጅራቱ ሥር አይቶ ያውቃል»

ያውቃል፤ ባለሙያ ከሆነ። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ጃፓኖቹ ማሱይና ሃሺሞቶ የአንድ ቀን ጫጩት ከጅራቱ ሥር ያለው ቀዳዳ በጥንቃቄ ሲገለጥ፣ ከመርፌ ራስ ብዙም የማትበልጥ እብጠት እንደምትታይና በወንድና በሴት ላይ ቅርጿ እንደሚለይ አሳዩ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ሙያ የሠለጠኑ ጃፓናውያን በየአገሩ እየተጠሩ ሠሩ። ጥሩ ባለሙያ በሰዓት እስከ አንድ ሺህ ጫጩት ይለያል፤ ስሕተቱም ከመቶ ሁለት ሦስት ቢሆን ነው። ይህ ግን ረጅም ሥልጠናና የማያቋርጥ ልምምድ የሚጠይቅ እጅ ነው። ቪዲዮ አይቶ የሚሞክር ሰው አንጀቱን ጨምቆ ይገድለዋል። የተለዩት ወንዶች በብዙ አገር በዚያው ቀን ይወገዳሉ፤ ጀርመን ይህን ከ2022 ጀምሮ በሕግ ከልክላለች፣ ፈልፋዮቿም ጾታውን ገና በእንቁላል ውስጥ ሳለ ወደመለየት ዞረዋል። የእኛዎቹ ዶሮ ነጋዴዎች ወንዱን አሳድገው ለበዓል ማቅረባቸው ሲታይ፣ ቢያንስ በዚህ አንገታችንን አንደፋም።

ታዲያ መቼ ይታወቃል?

ከስድስት ሳምንት ወዲህ ፍንጭ መታየት ይጀምራል። «የ45 ቀን» ተብሎ የሚሸጠው ዶሮ ልክ እዚህ ዕድሜ ላይ ነው፤ እንቁላል ፈላጊ ከአንድ ቀን ጫጩት ይልቅ ይህን ቢገዛ የሚሻለውም የመጀመሪያዎቹን ክትባቶች መውሰዱ ብቻ ሳይሆን ለዚህም ነው። አንዱን ብቻ አንሥቶ ማየት አይበቃም። በአንድ ቀን የተፈለፈሉትን ጎን ለጎን አድርጎ ማወዳደር ያስፈልጋል። አናቱ ላይ ያለው ሥጋ ቀድሞ የቀላና ወፈር ያለው፣ ቅልጥሙ የደነደነው፣ ጅራቱ ገና አጭር ሆኖ ጀርባው የተራቆተ የሚመስለው ወንድ ሊሆን ይችላል። ቄቦቹ ላባ ቶሎ ይለብሳሉ፤ አናታቸው ደብዛዛ ቢጫ ሆኖ ይቆያል። ድርብ የሚባለው አናት ያላቸው ዶሮዎች ላይ ግን ሥጋው ዝቅ ያለ ስለሆነ ወንዱም ሴት ይመስላል፤ እዚያ ቢጠበቅ ይሻላል።

የማያሳስተው ምልክት ከሁለት ወር ተኩል እስከ ሦስት ወር አካባቢ ይወጣል። ዶሮውን ብብት ውስጥ ይያዙት፤ ጅራቱ ከመጀመሩ በፊት ወገቡ ላይ ያለውን አዲስ ላባ በጣት ገለጥ አድርገው ከብርሃን ጋር ይዩት። የወንዱ ቀጭን፣ ጫፉ የሾለ፣ የሚያብረቀርቅ ሆኖ ግራና ቀኝ ይፈስሳል። የቄቧ ሰፋ ያለና ጫፉ ክብ ነው። አንገቱ ላይም እንዲሁ ነው፤ አንገተ መላጣ ከሆነ ግን ወገቡን ብቻ ነው ማየት። ሻጭ «እግሯ ቀጭን ነው» ሲል፣ እግሯን ትቶ ወገቧን መግለጥ ነው።

ለዚህም ቢሆን አንድ አመጸኛ አለ። እንግሊዛዊው ሴብራይት ያረባው ባንታም የሚባል ድንክ ዶሮ ወንዱ እንደ ሴት ክብ ላባ ይለብሳል፤ በዘር የሚወረስ ለውጥ የወንድነቱን ሆርሞን ቆዳው ውስጥ ወደ ሴትነት ስለሚቀይረው ነው። ባንታም አዲስ አበባ ውስጥ ብርቅ ስለሆነ እዚህ ለጊዜው አያሳስብም።

እድገቷን የጨረሰች ቄብ ልትጥል ስትቃረብ አናቷ ድንገት ይቀላል። ይህን አይተው «ወንድ ሆነችብኝ» ብለው ያረዱ አሉ፤ በሳምንት በሁለት ሳምንት ውስጥ እንቁላል ልትሰጣቸው የነበረችውን።

«ሴት ዶሮ ከጮኸች ገደ ቢስ ናት»

እንዲህ ስለታመነባት ስንቷ ታርዳለች! ሴት ዶሮ የምትሠራባት እንቁልጢ አንዲት፣ የግራዋ ብቻ ናት። ያቺ በበሽታ ስትጎዳ የቀኟ ቅሪት ወደ ወንድነት አድልታ ልትነቃ ትችላለች፤ ዶሮዋ አናቷ ይፋፋል፣ ትጮኻለች፣ መጣል ታቆማለች። አውራ በሌለበት መንጋም አለቃዋ ሴት አንዳንዴ ትጮኻለች፤ ይህቺኛዋ ጤነኛ ናት። ፍርሃቱ የሐበሻ ብቻ አይደለም፤ የባዝል ከተማ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1474 «አውራ ሆኖ እንቁላል ጣለ» ያሉትን ዶሮ ፍርድ ቤት አቅርበው በእሳት አቃጥለዋል።

አውራ ያስፈልጋል ወይ የሚለው ደግሞ በየኮንዶሚኒየሙ ደጋግሞ የሚነሣ ነው። ለእንቁላል አያስፈልግም። ቄብ አውራ አይታ ባታውቅም ዕድሜዋ ሲደርስ ትጥላለች፤ ቦቫንሷ በአምስት ወር ገደማ፣ የሐበሻዋ በስድስትና ሰባት ወር። አውራ የሚፈለገው ጫጩት ለማስፈልፈል ብቻ ነው። ስለዚህ ከአምስቱ ሁለቱ አውራ የወጡበት የበረንዳ አርቢ፣ ለእንቁላሉ ብሎ አንዱን እንኳ ማስቀረት አይጠበቅበትም፤ ሁለቱንም የበዓል ዋዜማ ገበያ ቢያወጣቸው ከቄቦቹ የተሻለ ዋጋ ያወጡለታል።