የመኪና የድምፅ ሥርዓትና በመጠነኛ ወጪ የሚሻሻልበት ቅደም ተከተል

የመኪና የድምፅ ሥርዓት ከሬዲዮ ጣቢያ፣ ከፍላሽ ወይም ከስልክ የሚመጣውን ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት ተቀብሎ፣ አጉልቶና ወደ ድምፅ ለውጦ ለተሳፋሪው ጆሮ የሚያደርስ የመሣሪያዎች ቅንጅት ነው። ዋና ዋና ክፍሎቹ ሦስት ሲሆኑ፣ እነርሱም በተለምዶ ቴፕ እየተባለ የሚጠራው ማጫወቻ፣ ምልክቱን ስፒከር ለማንቀሳቀስ እስኪበቃ ድረስ የሚያጎለብተው አምፕሊፋየር፣ እንዲሁም የኤሌክትሪኩን ኃይል የአየር ንዝረት አድርጎ የሚያወጣው ስፒከር ናቸው። በአብዛኞቹ መኪኖች አምፕሊፋየሩ በቴፑ ውስጥ አብሮ የተሠራ በመሆኑ ለብቻው አይታይም። መጠነኛ ገንዘብ ይዞ ድምፅ ለማሻሻል የሚነሣ ባለመኪና በቅድሚያ ሊያጣራው የሚገባው ድምፁ ከእነዚህ በየትኛው ላይ እንደሚበላሽ ነው፤ ገንዘቡ አስቀድሞ መዋል ያለበትም እዚያው ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1930 የቺካጎው ጋልቪን ኩባንያ «ሞቶሮላ» የተባለውን የመኪና ሬዲዮ ለገበያ አቀረበ፤ በ1968 ፊሊፕስ ካሴት የሚያጫውት፣ በ1984 ደግሞ ፓዮኒር ሲዲ የሚያጫውት የመኪና መሣሪያ አከታትለው አወጡ። ዛሬ ሙዚቃው የሚመጣው በአብዛኛው በብሉቱዝ ወይም በፍላሽ ነው። የምልክቱ ምንጭ እንዲህ በየጊዜው ቢለዋወጥም፣ በማግኔትና በሽቦ ጥቅልል እየተንቀሳቀሰ አየር የሚገፋው ስፒከር የአሠራር መሠረቱ አልተለወጠም፤ ስለዚህም ምንጩ በዘመነበት መኪና ውስጥ ድምፁ የሚወድቀው ብዙውን ጊዜ ስፒከሩና የተገጠመበት በር ላይ ነው።

ገዢን በይበልጥ የሚያሳስተው በቴፕ ካርቶን ላይ የሚጻፈው የዋት ቁጥር ነው። ዋት የኃይል መለኪያ ሲሆን፣ «50 ዋት በ4» የሚለው ጽሑፍ ለአራቱም ስፒከሮች ለእያንዳንዳቸው 50 ዋት እንደሚደርስ ያስመስላል። ሆኖም ዲናሞው በሚሠራበት ጊዜ የመኪናው ቮልቴጅ 14.4 ገደማ ነው፤ ይህ የሞገዱ ጫፍ ሊደርስበት የሚችለው ከፍተኛ መጠን በመሆኑ፣ ሥራ የሚሠራው ቮልቴጅ ጫፉን ለ1.41 በማካፈል ሲሰላ 10.2 ያህል ይሆናል። ይህ ቁጥር በራሱ ተባዝቶ፣ አብዛኞቹ የመኪና ስፒከሮች የኤሌክትሪክ ፍሰትን በሚገቱበት መጠን ማለትም በ4 ኦም ሲካፈል 26 ዋት ይገኛል። በተግባር ደግሞ የሚባክነው ኃይል ሲቀነስ፣ ድምፁ ሳይበላሽ ከቴፑ የሚወጣው 20 ዋት ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ስለዚህ 50 ዋት የተጻፈበትን ቴፕ 60 ዋት በተጻፈበት መለወጥ በድምፁ ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አያመጣም።

የድምፅ መጠን የሚለካው በዴሲቤል ሲሆን፣ የአምፕሊፋየሩ ኃይል በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ የሚያድገው በ3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ጆሮ ድምፁ እጥፍ ሆነ ብሎ እንዲሰማው 10 ዴሲቤል ገደማ፣ ማለትም አሥር እጥፍ ኃይል ያስፈልጋል። በአንጻሩ እያንዳንዱ ስፒከር በ1 ዋት ኃይል በ1 ሜትር ርቀት የሚያወጣው የድምፅ መጠን በመግለጫው ላይ ይጻፋል፤ 91 ዴሲቤል የተጻፈበት ስፒከር 88 ከተጻፈበት ጋር ሲነጻጸር የአምፕሊፋየሩን ኃይል በእጥፍ የማሳደግን ያህል ጥቅም ያለ ተጨማሪ ወጪ ይሰጣል። በቴፑ ብቻ ለሚነዱ ስፒከሮች ምርጫ ሲደረግ ከሚችሉት ከፍተኛ ዋት ይልቅ ይህ ቁጥር መታየት አለበት። ስፒከር መለወጥ የሚጀመረውም ከፊት በሮች ነው፤ ነጂውና ጎኑ ያለው ተሳፋሪ በዋናነት የሚሰሙት እነዚህን ስለሆነ የኋላዎቹ ሊቆዩ ይችላሉ።

አዲስ ስፒከር ተገጥሞ ቤዙ የሳሳ ሲሆን ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የበሩ ነው። የስፒከሩ ኮን፣ ማለትም ሾጣጣው ገጽ፣ ወደ ፊት አየር ሲገፋ ከጀርባው በዚያው ቅጽበት አየር ይስባል፤ በበሩ ቆርቆሮ ላይ ክፍተት ካለ የኋላው ሞገድ ወጥቶ ከፊተኛው ጋር ይገናኝና ዝቅተኛ ድምፆችን ያጣፋል። መድኃኒቱ የሚጀምረው ስፒከሩን በእንጨት ወይም በኤምዲኤፍ ቀለበት ላይ አጥብቆ በማሰር ነው፤ በበሩ ውስጥ የዝናብ ውሃ ስለሚወርድ ቀለበቱ አስቀድሞ ቀለም መቀባት ይኖርበታል። ከዚያም የበሩን ክፍተቶች፣ የውሃ መውረጃዎቹን ሳይነኩ፣ ቡቲል በተባለው ሬንጅ መሰል ማጣበቂያ በተሠራ ንጣፍ መሸፈን ነው። ንጣፉ የቆርቆሮውን መንቀጥቀጥም ስለሚያበርድ የከበሮው ምት ከበሩ ጩኸት ተለይቶ ይሰማል።

የገመዱ አቅጣጫም ያለ ወጪ የሚስተካከል ነገር ነው። የአንዱ ስፒከር ፖዘቲቭና ነጌቲቭ ተገላብጦ ከታሰረ አንዱ ወደ ፊት ሲገፋ ሌላው ወደ ኋላ ስለሚስብ ቤዙ ይጠፋል። ይህን ለመፈተን የስፒከሩ ገመዶች ከቴፑ ከተነቀሉ በኋላ ጫፎቻቸው ለአፍታ ያህል ከ1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይ ጋር ይነካካሉ፤ የድንጋዩ ፖዘቲቭ የስፒከሩን ፖዘቲቭ ሲነካ ኮኑ ወደ ውጭ መውጣት አለበት። ቴፑ ዝቅተኛ ድግግሞሽን የሚያግድ ማጣሪያ ካለው ደግሞ ለበር ስፒከሮች በ80 ኸርዝ ገደማ ቢስተካከል፣ ትንሹ ስፒከር ከአቅሙ በላይ ከሆነው ቤዝ ያርፍና የድምፃዊው ቃልና የማሲንቆው ዜማ ጥርት ብለው ይወጣሉ።

ቴፑን በቅድሚያ መለወጥ የሚያስፈልግበት አንድ ግልጽ ሁኔታ አለ። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ ሬዲዮዎች የሚቀበሉት በቀድሞው የአገሪቱ አመዳደብ ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ያለውን በመሆኑ፣ በ98.1 የሚተላለፈውን ፋናን ወይም በ102.1 የሚተላለፈውን ሸገርን ማግኘት አይችሉም። በአንቴናው ገመድ ላይ የሚቀጠል ድግግሞሽ አውራጅ መሣሪያ ጣቢያዎቹን ያስገባል፤ ነገር ግን በሬዲዮው ላይ የሚታየው ቁጥር ከጣቢያው ቁጥር የተለየ ይሆናል፣ የአቀባበሉ ጥራትም ሊቀንስ ይችላል።

በሮቹ ከተስተካከሉ በኋላ ገንዘብ ከተረፈ ራሱን የቻለ አምፕሊፋየርና ሰብዉፈር፣ ማለትም ዝቅተኛውን ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ትልቅ ስፒከር፣ ሊጨመሩ ይችላሉ። በዚህ ደረጃ ቁጠባ የማያስፈልገው በገመድና በፊውዝ ላይ ነው። 200 ዋት የሚያወጣና ከወሰደው ኃይል 80 በመቶውን ለስፒከር የሚያደርስ አምፕሊፋየር ከባትሪው 18 አምፔር ገደማ ስለሚስብ ቀጭን ገመድ ይግላል፤ ፊውዝ ከሌለው ደግሞ ገመዱ ተልጦ የመኪናውን አካል በነካበት ቅጽበት እሳት ሊነሣ ይችላል። ስለሆነም ፊውዙ ከባትሪው በ45 ሳንቲሜትር ርቀት ውስጥ ይገጠማል፤ የነጌቲቩ ገመድም ቀለሙ ተፍቆ በተጋለጠ ብረት ላይ በአጭሩ ይታሰራል። የምልክት ገመዶች ከኃይል ገመዱ በተቃራኒው የመኪናው ጎን ካለፉ ከሞተሩ ጋር እየከፋ የሚሄደው ሲርታ ይቀንሳል።

የዚህ ቅደም ተከተል ዋና ጥቅም ባለመኪናው ገንዘቡ በፈቀደው ደረጃ ላይ ማቆም መቻሉና ለእያንዳንዱ እርምጃ የሚሰማ ውጤት ማግኘቱ ነው። ሁለተኛው ጥቅሙ የጤና ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ለአዋቂ ሰው 80 ዴሲቤል የሆነ ድምፅ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ማዳመጥን ሲፈቅድ፣ ድምፁ 90 ዴሲቤል ሲደርስ ጊዜው ወደ 4 ሰዓት ይወርዳል። በሩ የሚንቀጠቀጥ፣ ስፒከሩ የደከመ መኪና ውስጥ ያለ ሰው ቃሉን ለመለየት ድምፁን ከፍ ለማድረግ ይገደዳል፤ በሚገባ በተስተካከለ መኪና ውስጥ ያለው ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎም ግጥሙንም ዜማውንም ስለሚሰማ፣ ለድምፅ ጥራት ያወጣው ገንዘብ የጆሮውንም ዕድሜ ያራዝምለታል።