ጥይት የሚጮኸው ራፕ ውስጥ ብቻ ነው እንዴ?

ራፕ የሚያዳምጥ ልጅ ያለበት ቤት አንድ ጭቅጭቅ አያጣውም። «ይሄ የነፍሰ ገዳዮች ሙዚቃ ነው፤ ዝጋልኝ!» ይላሉ አባት። እኚሁ አባት ግን ማታ ማታ ቦብ ማርሌይን ከፍተው፣ ሸሪፉን ተኩሶ የጣለውን ሰውዬ ታሪክ እያንጎራጎሩ ራታቸውን ይጠብቃሉ። ይህንኑ ዘፈን እንግሊዛዊው ሮከር ኤሪክ ክላፕተን እ.ኤ.አ. በ1974 ተጫውቶት አሜሪካ ውስጥ አንደኛ ወጥቶለታል። (ከዚህ በኋላ ያሉትም ዓመታት በፈረንጅ ናቸው።) ጂሚ ሄንድሪክስ በ1966 ያወጣው «ሄይ ጆ»ስ? ሽጉጡን ይዞ የከዳችውን ሴት ሊገድል ስለሚሄድ ወንድ ነው። ዛሬ «ክላሲክ» እየተባለ ይደመጣል።

ታዲያ ራፕ ምን አጠፋ?

ነገሩን ወለል አድርጎ የሚያሳየው በ1992 የተነሳው የ«ኮፕ ኪለር» ጣጣ ነው። ዘፋኙ አይስ ቲ ስመ ጥር ራፐር ነው። ዘፈኑን የተጫወተበት ቦዲ ካውንት ግን የለየለት የሄቪ ሜታል ባንድ ነው፤ የኤሌክትሪክ ጊታር፣ ከበሮና ጩኸት። የፖሊስ ማኅበራት አሳታሚው ኩባንያ ዕቃው እንዳይገዛ ጥሪ አደረጉ፤ ፕሬዚዳንት ቡሽ (አባትየው) ሳይቀሩ አወገዙ። ሰዉ ሁሉ «ይህ ራፕ…» እያለ ሲጮህ፣ ሰውየው «ኧረ ሮክ ነው!» ቢል ማን ይስማው! በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ዘፈኑን ከአልበሙ አወጣው።

ኬሪ ፍሪድ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1990ዎቹ አንድ ብልሃት ፈጠረች። ሦስት ነጭ ወጣቶች ያሉበት ኪንግስተን ትሪዮ የተባለ የፎክ ቡድን በ1960 ከተጫወተው፣ የሕግ አስከባሪ ስለመግደል ከሚተርክ ዘፈን ላይ ግጥም ወስዳ ለሰዎች አስነበበች። ለአንዱ «ራፕ ነው»፣ ለሌላው «ካንትሪ ነው» ብላ። ቃሉ ያው፣ ፊደሉ ያው! «ራፕ» የተባሉት ግን አደገኛ ነው፣ ቁጥጥር ያስፈልገዋል አሉ። በ2016 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሙከራውን ደግመውት ውጤቱ ተመሳሳይ ሆነ።

እውነት ለመናገር ሮክም አልተማረም። በ1985 የአሜሪካ ሴኔት ስለ ብልሹ ግጥም ሰዎችን ጠርቶ ሲጠይቅ፣ የወላጆቹ ማኅበር በጥቁር መዝገብ ካሰፈራቸው 15 ዘፈኖች አንድም ራፕ አልነበረበትም፤ ሄቪ ሜታሉ ግን ሞልቶ ነበር። ሆኖም ፍርሃቱ ለየቅል ነው። ሮክ ሲሆን «ልጄን ያበላሽብኛል» ነው የሚባለው፤ ራፕ ሲሆን ደግሞ «የሰው ልጅ መጥቶ ይገድለኛል»።

«ራፐሮቹ እኮ በእውነት ይገዳደላሉ» የምትሉ አላችሁ። ልክ ናችሁ፤ ቱፓክ በ1996 በ25 ዓመቱ፣ ቢጊ በ1997 በ24 ዓመቱ በጥይት ተቀጥፈዋል። ግን ወደ ኖርዌይም ዞር በሉ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ብላክ ሜታል የሚጫወቱ ወጣቶች አብያተ ክርስቲያናትን አቃጥለዋል። በ1993 የሜይሄም ባንድ ጊታሪስት በሙያ ባልደረባው በስለት ተገደለ፤ ገዳዩም 21 ዓመት ተፈረደበት። በዚህ ምክንያት ጊታር የያዘ ሁሉ ቤት አቃጣይ አልተባለም።

ሴትን ማዋረዱ ላይ ግን ራፕን የምከላከልበት አፍ የለኝም። ሮክንም እንዲሁ።

ታናሽ ወንድም ያላችሁ፣ ማዳመጫውን ከጆሮው ከመንጠቅ «እስቲ ምን እያለ ነው? ተርጉምልኝ» በሉት። ራሱ እየተረጎመ የሚያፍርበት ስንኝ ይኖራል፤ እናንተም «ለካ እንዲህ ነው የሚለው!» የምትሉበት አይጠፋም።

በእኛ ሠርግ ላይ አጎት ተነስቶ «ገዳይ!» እያለ ሲፎክር እልል ይባልለታል እንጂ «ማንን ነው የገደልከው?» ብሎ የሚይዘው ፖሊስ የለም። አሜሪካ ውስጥ ግን የራፕ ግጥም ፍርድ ቤት ይቀርባል። ራፐሩ ያንግ ተግ በ2022 ጆርጂያ ውስጥ በወንበዴነት ተከሶ ሲታሰር፣ ዳኛው የተወሰኑ ስንኞቹ በማስረጃነት እንዲቀርቡ ፈቀዱ። ከሁለት ዓመት በላይ ታስሮ፣ በጥቅምት 2024 አንዳንዶቹን ክሶች አምኖ በ15 ዓመት አመክሮ ወጣ። ካሊፎርኒያ በበኩሏ በ2022 ግጥም ማስረጃ ከመሆኑ በፊት ዳኛው አድልዎ ማስከተል አለማስከተሉን እንዲመዝን የሚያስገድድ ሕግ አወጣች። ሕጉ የጥበብ ሥራን ሁሉ ይመለከታል፤ እንዲወጣ ያደረገው ግን የራፐሮቹ ጉዳይ ነው።