እምነት የቅጥር መስፈርት ሲሆን

የመንግሥት የሆነው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በፀዳ ግቢ አለው። እዚያ ለማስተማር የሚያመለክት ሰው የትምህርት ማስረጃውንና የሥራ ልምዱን ያቀርባል፤ ሃይማኖቱ መስፈርት አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 11 መንግሥትንና ሃይማኖትን ለይቷቸዋል።

በቤተ ክርስቲያን ሥር ያለ ተቋም ግን ሌላ ነው። እንደ አዲስ አበባው ቅድስት ሥላሴ ወይም መካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ ባለ ተቋም፣ የነገረ መለኮት መምህር የሚያስተምረውን ራሱ እንዲያምን መጠበቁ ተገቢ ነው።

ጎንደር ይህን ከጥንት ታውቀዋለች። የአቋቋም መምህር ለመሆን የሚሻ ደቀ መዝሙር በአታ ለማርያም ገብቶ በሊቃውንቱ ፊት ይመሰከርለታል። የሚለካው ዜማው፣ የጽናጽሉና የመቋሚያው ስልት ነው፤ ነገር ግን ከየኔታ ሥር በቆየባቸው ዓመታት ጠባዩም አብሮ ይታያል። ዛሬ ዩኒቨርሲቲዎች በአንድ ሰዓት ቃለ መጠይቅ ሊያገኙት የሚደክሙበትን ነገር የአብነት ትምህርት ቤት አብሮ በመኖር ያገኘዋል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሃይማኖት ምክንያት ልዩነት ማድረግን ይከለክላል። ሆኖም የሃይማኖት ድርጅቶችን የሥራ ግንኙነት የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ለብቻው ሊያየው እንደሚችል ይደነግጋል። የአሜሪካ የ1964ቱ (እ.ኤ.አ.) የሲቪል መብቶች ሕግም ለሃይማኖት ተቋማት ተመሳሳይ በር ከፍቷል።

ስለዚህ አመልካች ሆይ፣ ከመፈረምዎ በፊት ይጠይቁ፦ የእምነት መስፈርቱ የሂሳብ ሠራተኛውንም ይመለከታል? ከሥራ ሰዓት ውጭ ያለውን ኑሮስ? የማያምኑበትን የእምነት መግለጫ ግን ለደመወዝ ብለው አይፈርሙ።