ከጭድና ከአገዳ የሚሠራ ጣውላ

ጭቃ ቤት ሲሠራ ጭድ አብሮ የሚቦካው ለምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ጭቃ ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፤ ጭድ ብቻውን ነፋስ ይወስደዋል። ሁለቱ ሲገናኙ ግን ጭዱ ይይዛል፣ ጭቃው ያጣብቃል። ቺፕውድ የምንለው ጣውላም ከዚህ የራቀ ምስጢር የለውም። በጭዱ ፋንታ የእንጨት ስብርባሪ፣ በጭቃው ፋንታ ማጣበቂያ ይገባና በጋለ ፕሬስ ይጨመቃል። ታዲያ ስብርባሪው የግድ ከዛፍ መምጣት አለበት ወይ?

ጥያቄው ዕጩ መምህራንን በቀጥታ ይመለከታል። ነገ የምንመደብባቸው ትምህርት ቤቶች ዴስክ፣ ሰሌዳና መደርደሪያ ይፈልጋሉ። ጽድና ዝግባ ደግሞ ለጣውላ እስኪደርሱ ብዙ አሥርት ዓመታት ይፈጃሉ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በአሜሪካ፣ በሉዊዚያና፣ ሴሎቴክስ የተባለው ኩባንያ ከ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ አንስቶ ከባጋስ የግድግዳ ሰሌዳ ሠርቷል። ባጋስ ማለት ሸንኮራ አገዳ ተጨምቆ ጭማቂው ከወጣ በኋላ የሚቀረው ነው። በስዊድን ደግሞ ቴዎዶር ዲደን በ1935 እ.ኤ.አ. ጭድን በሙቀትና በግፊት ብቻ ጣውላ የሚያደርግ ዘዴ ፈለሰፈ። ጭዱን ለማያያዝ ማጣበቂያ አልጨመረበትም። በእጽዋት ግንድ ውስጥ ሊግኒን የሚባል ነገር አለ፤ ክሩን ከክሩ አያይዞ ግንዱን ቀጥ የሚያደርገው እሱ ነው። ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ሙቀት ሲጨመቅ ይለሰልሳል፣ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይጠነክራል። ሁለቱም ፊቱ ወረቀት ይለበጥበታል። ጣውላው ግን ወፍራም ነው፤ ክፍል ለመከፋፈል እንጂ ለዴስክ አይሆንም።

ቀጭንና ጠንካራ ጣውላ ከተፈለገ ማጣበቂያ ግድ ነው። ችግሩ እዚህ ላይ ይጀምራል። የስንዴና የገብስ አገዳ ቆዳው ሰም አለበት፣ ሲሊካም አለበት። ለቺፕውድ የለመድነው የዩሪያ ፎርማልዲሃይድ ሙጫ በውሃ የተበጀ ስለሆነ በዚህ ሰም ላይ በደንብ አይዝም። ስለዚህ የጭድ ጣውላ ፋብሪካዎች አይሶሳያኔት ወደሚባል ማጣበቂያ ዞሩ። ይኸኛው እንዲያውም ከመጠን በላይ ይይዛል፤ ከፕሬሱ ብረት ጋር ሳይቀር ስለሚጣበቅ ብረቱን የሚያላቅቅ ነገር መቀባት ያስፈልጋል። ዋጋውም ውድ ነው፣ ሠራተኛውም ከትነቱ መጠበቅ አለበት። በሌላ በኩል ፎርማልዲሃይድ የለበትም፤ ፎርማልዲሃይድን ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በ2004 እ.ኤ.አ. ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። ልጆች ቀኑን ሙሉ ለሚቀመጡበት ክፍል ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ባጋስም የራሱ ጣጣ አለው። ውስጡ ያለው እንደ ስፖንጅ የሆነ ለስላሳ ክፍል ውሃም ሙጫም ስለሚመጥ አስቀድሞ መለየት አለበት። የተረፈው ስኳር ደግሞ ክምሩን ያቦካዋል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። «ተረፈ ምርት» የሚለው ቃል ያሳስታል፤ የተረፈ፣ ባለቤት የሌለው ያስመስለዋል። የጤፍ ጭድ ተረፈ እንዴ? የበሬው ቀለብ ነው፣ የግድግዳው ጭቃ ነው። የማሽላና የበቆሎ አገዳ ከብት ይበላዋል፣ ምድጃ ይገባል፣ አጥር ይሆናል። ባጋስንም ስኳር ፋብሪካዎቹ በቦይለር እያነደዱ እንፋሎትና ኤሌክትሪክ ያወጡበታል። ፋብሪካ ተክሎ የበሬን ቀለብ መሻማት ዛፍ ከመቁረጥ የማይሻል ልማት ነው።

በእኛ አስተያየት መጀመሪያ መታየት ያለበት የጥጥ ግንድ ነው። በአዋሽ ሸለቆና በመተማ በኩል ጥጥ ይመረታል። ግንዱ እንደ እንጨት የጠነከረ፣ በባሕርዩም ለቅጠለ ሰፊ ዛፎች እንጨት የቀረበ ነው፤ ከደረቀ በኋላ ከብት ብዙም አይፈልገውም። በማሳ ላይ ቢቀር ደግሞ የጥጥ ትልን ለሚቀጥለው ዓመት ያሳድራልና ተነቅሎ መጥፋቱ ይመከራል። እርግጥ መሰብሰቢያው በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ ጥቅሉም ቀላልና ግዙፍ ስለሆነ ፋብሪካው ከማሳው ከራቀ ትርፉን መኪናው ይበላዋል።

የሰሙን ነገር በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ለተማሪዎች ማሳየት የሚፈልግ ከአንድ የስንዴ አገዳ በላይ አያስፈልገውም። አንዱን ቁራጭ እንዳለ፣ ሌላውን ለሁለት ሰንጥቆ ውስጡን ወደ ላይ አድርጎ ያስቀምጥ። በሁለቱም ላይ አንዳንድ ጠብታ ውሃ ያድርግ። በውጭው ቆዳ ላይ ውሃው ድብልብል እንዳለ ይቆማል፤ በውስጠኛው ላይ ይበልጥ ይሰራጫል። ፋብሪካዎች ጭዱን አድቅቀው የሚፈጩትም ይህ የውስጠኛው ገጽ ለማጣበቂያው እንዲገለጥ ነው።